ጠገገ ወይስ ሻረ? የአንድ ስንጥቅ ማስታወሻ

ግንቦት 8

ዛሬ ዱቄቱን መዘንኩ። ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

ለማታውቁኝ፣ ጃፓን የዶክትሬት ትምህርት ላይ ነኝ። የምሠራው በሴራሚክ ነው። ስኒ የሚሠራበት ዓይነት ሳይሆን፣ እሳት ውስጥ ሆኖ ጭነት እንዲሸከም የሚፈለገው ነው። የዚህ ክረምት ዕቅዴ ቀላል ነው። ሴራሚኩን እሠራለሁ። ሆን ብዬ እሰነጥቀዋለሁ። ስንጥቁ በሙቀት እንዲድን አደርጋለሁ። ከዚያ በእርግጥ መዳኑን በጭነት እፈትናለሁ። እዚህ የምጽፈው በየቀኑ ሳይሆን የሚነገር ነገር ሲኖር ነው። ቀኖቹ የእኛ አቆጣጠር ናቸው፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ግን የፈረንጅ ናቸው።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። ጀት ሞተር ውስጥ ያሉት የኒኬል ቅይጥ ምላጮች 1,350 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ መቅለጥ ይጀምራሉ። የሚመታቸው ጋዝ ግን ከዚያም በላይ ይሞቃል። ስለዚህ በውስጣቸው ቀዝቀዝ ያለ አየር ይነፋል። ያንን አየር ለመንፋት ጉልበት ይወጣል፣ ጉልበቱ ደግሞ ነዳጅ ነው። ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራውን ሴራሚክ፣ አሉሚናን፣ ግን 2,000 ዲግሪም አያቀልጠውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ምልክት ይሰጣል። ሴራሚክ ምልክት የለውም። የፀጉር ውፍረት የምታህል ስንጥቅ ካለችበት በአንድ አፍታ ለሁለት ይሆናል። ያቺ ስንጥቅ እዚያው እሳት ውስጥ ብትድንስ? ጥያቄው ይህ ነው።

የምቀላቅለው አሉሚናና ሲሊኮን ካርባይድ፣ ማለትም የሲሊኮንና የካርቦን ውህድ፣ ነው። ሲሊኮን ካርባይዱ በይዘት፣ ማለትም በሚይዘው ቦታ፣ 15 በመቶ ይሆናል። ሚዛን ግን ይዘት አያውቅም። የአሉሚና እፍግታ 3.98፣ የሲሊኮን ካርባይድ 3.21 ነው። ሲሰላ በክብደት 12.5 በመቶ ገደማ ይመጣል። ለ100 ግራም ድብልቅ 12.5 ግራም መሆኑ ነው። ቅንጣቶቹ ከ1 ማይክሮን (ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ያነሱ ስለሆኑ በጣት ሲታሹ እንደ በርበሬ አይሻክሩም፣ እንደ ጥላሸት ይለጠፋሉ። ከአልኮልና ከአሉሚና ኳሶች ጋር ጣሳ ውስጥ አስገብቼ ማዞሪያው ላይ አስቀመጥኩት። 24 ሰዓት ይዞራል።

ግንቦት 15

የሆት ፕሬሱ ተራ ደረሰኝ። 1,600 ዲግሪ፣ 35 ሜጋፓስካል ግፊት፣ 4 ሰዓት፣ ናይትሮጅን ውስጥ። ዱቄቱ በግራፋይት ቅርጽ ውስጥ ተጭኖ ነው የሚጋገረው። ያለ ግፊት ብሞክረው አይጠብቅልኝም። ሲሊኮን ካርባይዱ የአሉሚና ቅንጣቶች መሀል እየገባ እንዳይያያዙ ያግዳቸዋል።

ሲወጣ ግራጫ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ውኃ ውስጥና ውኃ ውጪ መዘንኩት። እፍግታው 3.84 መጣ። በስሌት ሊሆን የሚችለው 3.86 ነው። ውስጡ ባዶ ቀዳዳ የለም ማለት ይቻላል። በጣም ደስ አለኝ።

ግንቦት 26

ሦስት ቀን ሙሉ ቆሜ መቁረጥና ማለስለስ። የአልማዝ መጋዝ፣ ከዚያ የአልማዝ ፓስታ፣ ከሻካራው ወደ ደቃቁ። እያንዳንዱ ዘንግ 3 በ4 በ45 ሚሊሜትር ነው። የእጅ ጣት ርዝመት አይሞላም።

ስለ ጠርዝ አንድ ነገር ልበል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እሱን ነው። ዘንጉ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ስብርባሪ ይቀራል። ያንን በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ማንሳት ያስፈልጋል። ካልተነሳ ዘንጉ የሚሰበረው እኔ ከሰነጠቅኩት ቦታ ሳይሆን መጋዙ ከጎዳው ጠርዝ ነው። ያኔ የለካሁት የመጋዙን ጥፋት እንጂ የሴራሚኩን ጥንካሬ አይደለም። 48 ጤነኛ ዘንግ አወጣሁ።

ሰኔ 1

መሰንጠቅ። መሣሪያው ቪከርስ ይባላል። ጫፉ ባለ አራት ማዕዘን ፒራሚድ ሆኖ የተቀረጸ አልማዝ ነው። ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ይጫናል፣ ይነሳል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ትንሽ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ቀርቶ፣ ከአራቱ ማዕዘን አራት ቀጭን መስመሮች ወጥተዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ማይክሮን እንዲሆኑ ነው የምፈልገው።

ስንት ኪሎ ልጫን? በ1981 የወጣና ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ቀመር አለ። የሴራሚኩን ግትርነት፣ ያለመጎድጎድና ስንጥቅ የመቋቋም አቅሙን አስገብቼ ሳሰላው 19 ኒውተን አካባቢ ሰጠኝ። 2 ኪሎ ስኳር ማለት ነው። እውነትም በ2 ኪሎ ስጫን መስመሮቹ 98፣ 103፣ 101 ማይክሮን ሆኑ። ወረቀት ላይ የነበረው ቁጥር ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገኝ ያለውን ስሜት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዘንጉን የማስቀምጥበት አቅጣጫ ወሳኝ ነው። አራቱ መስመሮች ፊት ለፊት እየተያያዙ ሁለት ተሻጋሪ መስመሮች ይሆናሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ለዘንጉ ርዝመት ቀጥ ብሎ ተሻጋሪ መሆን አለበት። ዘንጉ ሲታጠፍ የሚከፈተው እሱ ነው።

እንግሊዛዊው ግሪፊዝ በ1921 ያሳየን ይህንኑ ነው። ተሰባሪ ነገር የሚሸከመው ውስጡ ያለችው ትልቋ ስንጥቅ የፈቀደችለትን ያህል ነው። ስንጥቋ አራት እጥፍ ስትረዝም ጥንካሬው በግማሽ ይወርዳል።

ሰኔ 9

አልተሳካም። ማለቴ፣ ውጤቱ ተዘበራረቀ።

ያልዳኑትን ዘንጎች መስበር ጀመርኩ። መነሻው እነሱ ናቸውና መጀመሪያ መለካት አለባቸው። ዘንጉ ከሥር በሁለት፣ ከላይም በሁለት ዘነዘና መሰል ማረፊያዎች ተይዞ ይታጠፋል። በኔ ስፋትና ርቀት የተሰበረበትን ኒውተን በ0.83 ሳባዛ ጥንካሬውን በሜጋፓስካል አገኛለሁ። የመጀመሪያዎቹ 295 ኒውተን አካባቢ ሰጡኝ፣ 245 ሜጋፓስካል መሆኑ ነው። ከሰንበት በኋላ የሰበርኳቸው ግን በጉልህ ዝቅ አሉ። ስንጥቃቸው ያው 100 ማይክሮን፣ የወጡበት ሰሌዳም ያው ነው። ማሽኑን ፈትሼ ምንም አላገኘሁም።

ውጪ ዝናብ ነው። እዚህ አገር በዚህ ወቅት ሳምንታት የሚዘልቅ ዝናብ አለ፤ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል።

ሰኔ 13

ምክንያቱ ተገኘ። ያገኘሁትም ከእማዬ ጋር በስልክ ሳወራ ነው።

አዲስ ምጣድ ገዝታ ሳታሟሸው አንድ ሳምንት እርጥበት ያለበት ጓዳ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። «ስገዛው አንኳኩቼ ጤነኛ ነበር ልጄ፣ ዛሬ ሳንኳኳው ድምፁ ድፍን አለብኝ። ውኃ ገብቶበት ነው» አለችኝ። ምጣድ የገዛ ሰው ያውቃል። ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው አይጮኽም።

እርጥበት! ይህ እኮ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ነገር ነው። የውኃ ሞለኪውል የስንጥቁ ጫፍ ድረስ ይገባና እዚያ የተወጠረውን የአቶሞች ትስስር ያላላል። ስንጥቁ ማንም ሳይጭነው ቀስ እያለ ይሄዳል። አልማዙ ሲጫን ጉድጓዱ ዙሪያ የታመቀ ውጥረት ይቀራል፣ የሚገፋውም እሱ ነው። አርብ የሰነጠቅኳቸውን ዘንጎች ሰኞ ስሰብር፣ ስንጥቁ በሁለቱ ቀን ሥራውን ሲሠራ ከርሟል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አልማዙ ከመውረዱ በፊት ቦታው ላይ አንድ ጠብታ የሲሊኮን ዘይት ማኖር። አየሩና እርጥበቱ አይደርስም። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ከመሰንጠቅ እስከ መስበር ያለውንም ጊዜ እኩል አደረግኩ። አሥሩን የተበላሹ ዘንጎች ለብቻ አስቀመጥኳቸው፣ ቁጥራቸውን ግን ሰርዤዋለሁ። 38 ቀሩኝ። ለእማዬም ደውዬ አመሰገንኳት። ሌላ ምጣድ ገዝታለች።

ሰኔ 22

ማዳን።

ዘይቱን በደንብ አጥቤ ዘንጎቹን ጀልባ በሚባለው የአሉሚና ሳህን ላይ ደረደርኳቸው። ተራ እቶን፣ ተራ አየር። በደቂቃ 10 ዲግሪ እየጨመረ 1,300 ዲግሪ ይደርስና 1 ሰዓት ይቆያል። ይህ ልኬት የኔ ግኝት አይደለም። በዮኮሃማ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ኮቶጂ አንዶና ባልደረቦቹ ለዓመታት የሠሩበት ነው። ከነሱ በፊትም በ1970 ላንጅና ጉፕታ ዚንክ ኦክሳይድና ማግኒዥየም ኦክሳይድ ውስጥ ያለ ስንጥቅ በማሞቅ ብቻ እንደሚገጥም አሳይተዋል። የነአንዶ መንገድ የሚለየው መድኃኒቱን አስቀድሞ ሴራሚኩ ውስጥ በመቅበሩ ነው።

መድኃኒቱ ሲሊኮን ካርባይድ ነው። ስንጥቁ ሲከፈት የተቀበሩት ቅንጣቶች ይጋለጣሉ። በስንጥቁ አፍ ኦክስጅን ይገባል። ካርባይዱ ተቃጥሎ ሲሊካ፣ ማለትም ብርጭቆ የሚሠራበት ነገር፣ ይሆናል፤ ካርቦኑ በጋዝ መልክ ይወጣል። ሲሊካው ከተነሳበት ካርባይድ ከእጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ያብጣል ማለት ነው። ከሁለቱም ግድግዳ እያበጠ መጥቶ መሀል ላይ ይገናኛል። ቃጠሎው ራሱ ሙቀት ስለሚሰጥ የተገናኙትን ከንፈሮች ይበይዳቸዋል። 15 በመቶ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ካርባይዱ ካነሰ ክፍተቱን የሚሞላ አይበቃም፤ ከበዛ ደግሞ ሰሌዳውን ማጥበቅ ይከብዳል።

ቁስል ሲድን በአማርኛ ሁለት ቃል አለን። ጠገገ፣ ሻረ። ደርቆ አፉን ሲገጥም ጠገገ እንላለን። ከውስጥ ድኖ ሥጋ ሲሆን ሻረ ነው። እቶኑ እየሞቀ ስጠብቅ ስለ ሁለቱ ቃላት ሳስብ ነበር።

ሰኔ 25

ሰበርኩ!

የመጀመሪያው የዳነ ዘንግ 670 ኒውተን ተሸከመ። 558 ሜጋፓስካል ነው። ሳይድን 245 የነበረው! ከዚህም በላይ ያስደሰተኝ የተሰበረበት ቦታ ነው። እኔ ከሰነጠቅኩበት 6 ሚሊሜትር ርቆ ነው የተሰበረው። ከአምስቱ አራቱ እንዲህ ሆኑ። የተሰበረውን ገጽ በማይክሮስኮፕ ሳየው መነሻው የካርባይድ ቅንጣቶች በደንብ ሳይበተኑ የተጓጎሉበት ትንሽ ቦታ ነው። የዳነው ስንጥቅ ከራሱ ከሴራሚኩ ተፈጥሯዊ ጉድለት በልጦ ጠነከረ ማለት ነው።

ግን ደስታው ብቻውን አይበቃም። ሙቀት ሁለት ነገር ይሠራል። ስንጥቁን ይሞላል፣ ጉድጓዱ ዙሪያ የታመቀውን ውጥረትም ያረግባል። ሁለተኛው ብቻ እንኳ ጥንካሬ ይጨምራል። የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ለመለየት ሦስት ዘንጎች አርጎን ውስጥ በዚያው ሙቀት ለዚያው ሰዓት አቆየሁ። ኦክስጅን የለም፣ ሲሊካ አይፈጠርም። እነሱ 325 ሜጋፓስካል አካባቢ ቀሩ። ስለዚህ ከ245 እስከ 325 ያለው የማረገብ ውለታ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የእውነተኛው መዳን ነው። ይህንን መለያ ያላደረገ ሰው ዳነልኝ ሲል አልቀበለውም። እኔም እንዳልረሳው ትልቅ አድርጌ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሐምሌ 5

ሌላ ጥያቄ መጣ። ሁሉም የሞተር ክፍል 1,300 ዲግሪ አያይም። ምላጩ ጫፉ ላይ ሲነድ እግሩ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ታዲያ በ1,100 ዲግሪ 1 ሰዓት ብቻ ቢቆይስ?

ስምንት ዘንጎችን እንዲያ አደረግኩ። ሁለቱን በክፍል ሙቀት ሰበርኩ። 450 ሜጋፓስካል! ከአርጎኖቹ በግልጽ ይበልጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይም የስንጥቁ መስመር በስስ ብርጭቆ ተሸፍኗል። ለአማካሪዬ አሳየኋቸው። በ1,100ም ይድናል አልኳቸው። ጥሩ ነው፣ ግን የመጨረሻው ፈተና ይህ አይደለም አሉኝ። ልክ ናቸው። ሴራሚኩ ሥራው እሳት ውስጥ ነው፤ ያውም ጭነቱ እየመጣ እየሄደ።

ሐምሌ 12

እሳት ውስጥ መስበር እንደሚመስለው አይደለም። ማረፊያዎቹ ራሳቸው ከሲሊኮን ካርባይድ የተሠሩ ናቸው። እቶኑ ውስጥ ዘንጉ እኩል እስኪሞቅ 20 ደቂቃ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ያልዳነ ዘንግ በ1,200 ዲግሪ ልሰብር ብዬ አየር ውስጥ 20 ደቂቃ ሳቆየው መዳን ይጀምራል! ለንጽጽር ያስቀመጥኩት በሽተኛ ተራ ሲጠብቅ ሐኪሙ ጋ ሳይደርስ እየዳነ ነው። ስለዚህ ያልዳኑትን በሙቀት የምለካው አርጎን ውስጥ ብቻ ነው። ይህ አንድ ሳምንት ወሰደብኝ።

ሐምሌ 18

ዛሬ የድካም ፈተናው ተጀመረ። ድካም ስንል ዘንጉ በአንድ ጊዜ የሚሰብረውን ጭነት ሳይሆን፣ ከዚያ ያነሰውን እየደጋገመ ሲቀበል የሚደርስበት ነገር ነው። ሽቦ እያጠፍን እያቀናን እንደምንሰብረው። በብረትና በሴራሚክ ግን መንገዱ ይለያያል። ብረት ውስጡ ያሉት የአቶም ረድፎች እየተንሸራተቱ ነው የሚደክመው። ሴራሚክ ውስጥ እንዲህ ያለ መንሸራተት የለም ማለት ይቻላል። እዚህ የሚደክመው ድልድዩ ነው። ስንጥቅ ሲያልፍ አንዳንድ ቅንጣቶች ከሁለቱም ግድግዳ ጋር ተቆላልፈው ይቀሩና ስንጥቁን ይዘው ያቆዩታል። ጭነቱ በተመላለሰ ቁጥር ይፋተጋሉ፣ ይላጣሉ፣ በመጨረሻ ይለቃሉ። ስንጥቁ አንድ እርምጃ ይራመዳል።

ልኬቱ ይህ ነው። 1,000 ዲግሪ፣ አየር ውስጥ፣ በሰከንድ 5 ዙር። ከፍተኛው 300 ሜጋፓስካል፣ ዝቅተኛው የዚያ አንድ አምስተኛ። 2 ሚሊዮን ዙር ከደረሰ አለፈ እላለሁ። ሒሳቡን ሥሩት፤ 111 ሰዓት ነው። አራት ቀን ተኩል ገደማ ለአንዲት ዘንግ። ያለኝ ማሽን ደግሞ አንድ ነው።

መጀመሪያ የገባው በ1,100 ዲግሪ የዳነው ነው።

ሐምሌ 19

ከ19 ሰዓት በኋላ ተሰበረ። ቆጣሪው 342 ሺህ ላይ ቆሟል። የተሰበረው እኔ በሰነጠቅኩበት ቦታ ላይ ነው።

በክፍል ሙቀት 450 የተሸከመ ዘንግ በ300 ሄደ። ሌላ አስገብቻለሁ።

ሐምሌ 21

ሁለተኛውም ያው። ከዚያው ቦታ።

የተሰበረውን ገጽ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ አስገባሁ። ሙሉ ከሰዓት እሱ ላይ ነበርኩ። የስንጥቁ ቅርጽ ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ቀጥ ያለው ጎን የዘንጉ ገጽ፣ ክቡ ወደ ውስጥ የገባው። ከገጹ አጠገብ፣ ከአፉ እስከ 10 ማይክሮን ጥልቀት ድረስ፣ ለስላሳ ቅባት የተቀባ የሚመስል ጠርዝ አለ። ሲሊካው ነው። ከዚያ በታች ግን ደረቅ ነው። ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ሹል እንደሆኑ፣ ምንም አልነካቸውም። ወደ ታች ሳወርድ እዚህም እዚያም ትናንሽ የብርጭቆ ነጠብጣቦች አሉ። ግድግዳዎቹ ግን አልተገናኙም።

ስንጥቁ አፉን ዘግቷል። አፉ ስለተዘጋም ኦክስጅኑ ወደ ውስጥ መግባት አቆመ። ውስጡ ሳይድን ቀረ።

ጠግጓል። አልሻረም።

ለምን ታዲያ በክፍል ሙቀት 450 ሰጠኝ? የምረዳው እንዲህ ነው። ሙቀቱ የታመቀውን ውጥረት አርግቦለታል፣ ያ ከ325 ያደርሰዋል። አፉ ላይ ያለችው ቀጭን ብርጭቆ ደግሞ ቀዝቃዛ ሳለች ጠንካራ ናት፣ ቀሪውን እሷ ሞላች። በ1,000 ዲግሪ ላይ ግን፣ በተለይ ከዱቄቱ የመጣ ቆሻሻ ከተቀላቀለባት፣ ትለሰልሳለች። በሰከንድ 5 ጊዜ እየተጎተተች 19 ሰዓት ቆየች፣ ከዚያ ለቀቀች። ለአማካሪዬ በ1,100 ይድናል ብያቸው ነበር። ዛሬ ሄጄ አይድንም፣ በ1 ሰዓት አይድንም አልኳቸው። ፎቶውን ረዥም ጊዜ አዩትና የሪፖርቱ የመጀመሪያ ሥዕል ይህ ይሁን አሉኝ።

ሐምሌ 26

ማሽኑ ሌላ ሰው ጋ ስለሆነ ሳነብ ዋልኩ። ሴራሚክ ሞተር ውስጥ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። ኒሳን በ1985 ከሲሊኮን ናይትራይድ የተሠራ የቱርቦ መሽከርከሪያ መኪና ላይ አስገብቷል። ቀላል ስለሆነ ነዳጅ ሲረገጥ ቶሎ ይሽከረከራል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ሊፕ የተባለው የአውሮፕላን ሞተር ከሲሊኮን ካርባይድ ቃጫ የተሸመነ ሴራሚክ በተርባይኑ ዙሪያ ይዞ እየበረረ ነው። ያም ቢሆን የሚታመነው ቃጫዎቹ ስንጥቅን ስለሚይዙ ነው። የኔ ጥያቄ ስንጥቁ ራሱ ስለሚጠፋበት ነው።

በ2017 ከጃፓን የወጣ ሥራ ደግሞ ልቤን ነክቶታል። ኦሳዳና ባልደረቦቹ የአጥንትን አጠጋገን አስተውለው፣ በአሉሚናው ቅንጣቶች ድንበር ላይ ጥቂት የማንጋኒዝ ኦክሳይድ አኖሩ። ማንጋኒዙ አዲስ የተፈጠረውን ሲሊካ እንደ ማር ያቀጥነዋል፣ እስከ ስንጥቁ ጫፍ ድረስም ይፈሳል። በ1,000 ዲግሪ በ1 ደቂቃ ዳነላቸው። እኔ በ1,100 በ1 ሰዓት ያቃተኝን! ፎቶዬ ላይ ያለው ደረቅ ቦታ የሚለምነው ይህንን ነበር። ዘንጎቼ አልቀው አዲስ ዱቄት ስቀላቅል እሞክረዋለሁ።

ነሐሴ 4

በ1,300 ዲግሪ የዳኑት ገብተዋል። የመጀመሪያው በ300 ሜጋፓስካል 2 ሚሊዮን ዙር ጨረሰ። አልተሰበረም። ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ቆጣሪውን ሳይ ነበር የማድረው።

ነሐሴ 10

ሁለተኛው 1.4 ሚሊዮን ላይ ሳለ ሌሊት መሬት ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ነበር፣ እኔን እንኳ አልቀሰቀሰኝም። ማሽኑ ግን ለደኅንነት ራሱን አጠፋ። ዘንጉ ጭነቱ ሳይነሳለት እስከ ክፍል ሙቀት ቀዘቀዘ። አላስቀጠልኩትም። ታሪኩ ከሌሎቹ ጋር አንድ አይደለምና ለብቻው ተመዝግቧል።

ነሐሴ 25

ጫናውን ወደ 400 ከፍ አደረግኩ። ሦስት ዘንጎች ገቡ። ሁለቱ አለፉ። ሦስተኛው በ71ኛው ሰዓት ተሰበረ፣ ግን እኔ ከሰነጠቅኩት ቦታ አይደለም፤ ከጠርዙ ነው። አጉልቼ ሳየው እኔው በደንብ ያላነሳሁት የመጋዝ ስብርባሪ አለ። ግንቦት 26 የጻፍኩትን ራሴው ጥሼዋለሁ። የቀሩትን ዘንጎች ጠርዝ ዛሬ ማታ እንደገና አንድ በአንድ አየሁ። ሁለቱን አወጣሁ።

ጳጉሜን 2

በ400 ካለፉት አንዱን ዛሬ በክፍል ሙቀት ሰበርኩት። 2 ሚሊዮን ጊዜ ተጎትቶ፣ 111 ሰዓት በ1,000 ዲግሪ ተቀምጦ፣ ምን ያህል ቀርቶታል የሚለውን ለማየት ነው።

ጭነቱ ቀስ ብሎ ወጣ። 500። 600። 670ን አለፈ። 691 ኒውተን ላይ ጮኸ። 576 ሜጋፓስካል ነው። አልደከመም። ምናልባትም እዚያ በተቀመጠበት ሰዓት አዲስ የሚከፈቱ ጭረቶችን ሲሊካው እየሞላለት ነበር። በአንድ ዘንግ ይህን አልደመድምም፣ አራት ይቀሩኛል።

ስባሪዎቹን ለቅሜ ገጣጠምኳቸው። በአልማዙ የሰነጠቅኳት ምልክት ከተሰበረው ቦታ 9 ሚሊሜትር ርቃ ሙሉዋን አለች። ቀጭን የአልማዝ መጋዝ ወስጄ አጠገቧ ቆረጥኩና ጎኗን አለሰለስኩ። ውስጧን ማየት ፈልጌ ነው። ከአፏ እስከ ጫፏ ድረስ ግራጫ መስመር ነች፣ አንድም ደረቅ ቦታ የላትም።

ሁለቱንም ስባሪ ፖስታ ውስጥ አድርጌ ቁጥሩን ጻፍኩበት። እቶኑ ለሚቀጥለው ዘንግ ወደ 800 ዲግሪ እየወጣ ነው። እዚያ መዳን በጣም ዝግ ይላል፣ ስንጥቅ ግን አይጠብቅም።